የተኛው ሕፃን ብሌኖች ለምን ተለያዩ?

አንድን ነገር አጥብቀን የምንጠነቀቅለት መሆናችንን ለመግለጽ ስንፈልግ «እንደ ዓይን ብሌን እንጠብቀዋለን» እንላለን። እናትም ልጅዋን ስታቆላምጥ «የዓይኔ ብሌን» ትለዋለች። ብሌን ትንሽ ናት፤ በቀላሉ የምትጎዳ ናት፤ እርስዋ ስትጠፋ ብርሃን ይጠፋል፤ ስለዚህም አባባሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብሌን ብርሃን የሚገባባት ቀዳዳ ብቻ አይደለችም። በውስጥ ያለው የአንጎል ሁኔታ በውጭ ከሚታወቅባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ እርስዋ ናት። ይልቁንም ሕመምተኛው በማደንዘዣ ተኝቶ «ራሴን አመመኝ» ለማለት በማይችልበት ሰዓት ስለ እርሱ የምትመሰክር እርስዋ ናት።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ያሰብነው ነገር ይህ ነው። አንድ ሕፃን ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ሳለ፣ በራስጌው ያለው ሰመመን ሰጪ ባለሙያ የልጁን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ሲመለከት አንደኛው ብሌን ሰፍቶ ሁለተኛው ጠብቦ ቢያገኘው ነገሩ ምን ማለት ነው? ባለሙያውስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ሆኖም በዝርዝር ስንመለከተው፣ አንድን ምልክት አይቶ ፍርድ መስጠት ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ ለተማሪም ሆነ በቢሮ ለተቀመጠ ወጣት ሹም፣ ትምህርት የሚሆን ቁም ነገር አለበት።

አስቀድመን ብሌን እንዴት እንደምትሠራ እንመልከት። ብሌን በዓይናችን ቀለም መካከል ያለች ጥቁር ክብ ቀዳዳ ናት። በዙሪያዋ ሁለት ዓይነት ጡንቻዎች አሉ። አንደኛው እንደ ከረጢት አፍ ማሰሪያ የተጠመጠመ ነው፤ ሲሳብ ብሌንን ያጠባታል። ሁለተኛው እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ከመካከል ወደ ዳር የተዘረጋ ነው፤ ሲሳብ ብሌንን ያሰፋታል። ሁለቱም የየራሳቸው አዛዥ ነርቭ አላቸው፤ ነርቮቹ የሚመጡበት መንገድ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

የሚያጠበው ነርቭ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚሄደው በአጭር መንገድ ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ አንድ አስጊ ቦታ አለ፤ ይኸውም ላይኛውን አንጎል ከታችኛው የሚለየው የጠንካራ ሽፋን ጠርዝ ነው። የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። በውስጡ ደም ቢጠራቀም ወይም እብጠት ቢነሣ፣ አንጎል ሌላ መሸሻ ስለሌለው በዚያ ጠርዝ በኩል ተገፍቶ ነርቩን ይጫነዋል። ብሌንን የሚያዙት የነርቩ ክሮች በውጭ በኩል ስለሚገኙ ጭነቱ ቀድሞ የሚያገኘው እነርሱን ነው። እነርሱ ሲደክሙ ብሌን ትሰፋለች፤ ብርሃን ቢያበሩባትም አትጠብብም። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሎንዶኑ ቀዶ ሐኪም ጆናታን ሐቺንሰን ይህን ምልክት ስለ ገለጸ ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሚያሰፋው ነርቭ በበኩሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታ ለመድረስ በአዳማ በኩል እንደሚዞር መንገደኛ ነው። ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ እስከ ደረት አጠገብ ይወርዳል፤ ከዚያ ወጥቶ በሳምባ ጫፍ ላይ ያልፋል፤ በአንገት ውስጥ ካለው ትልቅ የደም ሥር ጋር ተያይዞ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ዓይን ይደርሳል። ስለዚህ ደረት ወይም አንገት ላይ የሚደርስ ነገር ዓይን ላይ ሊታይ ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑርፉር ዱ ፔቲ ይህን ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1727 በእንስሳት አንገት ላይ ያለውን ነርቭ ቈርጦ ነው። የስዊስ የዓይን ሐኪም ዮሐን ፍሪድሪክ ሆርነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1869 በሰው ላይ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ይህ ነርቭ ሲደክም በዚያው ወገን ያለችው ብሌን ትጠባለች፤ የዓይን ሽፋንም ጥቂት ይወርዳል።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። ሁለት ብሌኖች ተለያይተው ሲታዩ አንዲት ብሌን ያለ መጠን ሰፍታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ሁለተኛዋ ያለ መጠን ጠብባ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ግን ሁለቱም ነገር አንድ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሰፊዋ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን በጠባቧ ወገን ሊገኝ ይችላል።

ብሌን በማደንዘዣ ሥራ ውስጥ የቈየ ቦታ አላት። የአሜሪካ ተወላጅ የሆነው ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በኤተር የተኛ ሕመምተኛ ያለ ሥቃይ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት በአደባባይ ያሳየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሐኪሞች ጭንቀት ሕመምተኛው ምን ያህል በጥልቀት እንደ ተኛ ማወቁ ላይ ነበር። ጥቂት ሲሆን ሕመምተኛው ይሠቃያል፤ ሲበዛ ይሞታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ጦር ጋር በፈረንሳይ አገር ያገለገለው ሐኪም አርተር ጌደል፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ስላነሰ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሠራተኞችን ማሠልጠን ግድ ሆነበት። በሞተር ብስክሌት ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየዞረ ሲያስተምር፣ የኤተርን እንቅልፍ ደረጃዎች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። በሠንጠረዡ ላይ ከአተነፋፈስና ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር የብሌን ስፋት ተመልክቶ ነበር፤ ብሌን ከልክ በላይ እየሰፋች ስትሄድ ሕመምተኛው ወደ አደጋ መጠጋቱን ሠልጣኙ በዚያ ያውቃል። ጌደል ይህን ትምህርት አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1937 በመጽሐፍ አወጣው።

ዛሬ ኤተር በአብዛኛው ዓለም በሌሎች መድኃኒቶች ተተክቷል። የልብን ምት፣ የደምን ግፊትና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚቈጥሩ መሣሪያዎችም መጥተዋል። ስለሆነም ብሌን የቀድሞ ሥልጣንዋ ቀንሷል። ከዚህም በላይ በቀዶ ጥገና ጊዜ ዓይን እንዳይደርቅና እንዳይጫር ሽፋኑ በፕላስተር ይታሸጋል። ስለዚህ ሰዓቱ እየሄደ ሳለ፣ ሆን ብሎ ገልጦ ያልተመለከተ ሰው ከፕላስተሩ ሥር ያለውን ነገር ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ጉዳዩን ለመረዳት ቁልፍ የሚሆን አንድ ሐሳብ አለ። በደም ሥር የሚሰጥ ወይም በአየር የሚሳብ መድኃኒት በደም አማካይነት ለሁለቱም ዓይኖች እኩል ይደርሳል። እንደ ሞርፊንና ፈንታኒል ያሉ የሥቃይ ማስታገሻዎች ብሌንን ያጠባሉ፤ ግን ሁለቱንም ያጠባሉ። የማደንዘዣው ኃይል ሲቀንስና ሕመም ሲሰማ ብሌን ትሰፋለች፤ ግን ሁለቱም ይሰፋሉ። ታዲያ አንደኛዋ ብቻ ከተለወጠች፣ ምክንያቱ በመላው አካል ውስጥ ሳይሆን በአንድ ወገን መፈለግ አለበት። ወይ በዚያ ዓይን ላይ፣ ወይ በዚያ ወገን ባለው ነርቭ ላይ፣ ወይም በዚያ ወገን ባለው አንጎል ላይ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ወይም ደግሞ ልጁ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲሁ ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ እንበል። ሆስፒታል ሲደርስ ያለቅሳል እንጂ ይናገራል፤ ስሙንም ያውቃል። አጥንቱ እንዲስተካከልለት ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይተኛል። ከነቃ በኋላ ሥቃዩ እንዲቀንስለት ተብሎም ከቀኝ ማጅራቱ ወረድ ብሎ ከአንገቱ አጠገብ፣ ወደ ክንዱ በሚሄዱት ነርቮች ዙሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል። ሥራው ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ባለሙያው ዓይኑን ገልጦ ሲመለከት የግራው ብሌን ከቀኙ በልጦ ያገኘዋል።

የመጀመሪያው ፍርሃት ልጁ ሲወድቅ ራሱንም ተመትቶ ነበር ወይ የሚል ነው። በጆሮ ግንድ አካባቢ አጥንት ሲሰነጠቅ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ሊበጠስና በአጥንቱና በአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሊጠራቀም ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ለጥቂት ጊዜ ደኅና መስሎ ይቈያል፤ ይናገራል፤ ይሄዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን እየፈዘዘ ሄዶ ራሱን ይስታል። የነቃ ልጅ ቢሆን እናቱ መፍዘዙን ታየው ነበር፤ ያስታውከውም ነበር። በማደንዘዣ የተኛ ልጅ ግን ቀድሞውንም ተኝቷልና መፍዘዙ አይታወቅም። ግራው ብሌን የሰፋው በግራው ወገን በተጠራቀመ ደም ከሆነ፣ እያንዳንዱ ደቂቃ የልጁን አንጎል ይበላል።

ሁለተኛው መልስ ግን ፍጹም የተለየ ነው። በቀኝ አንገቱ አጠገብ የተወጋው ማደንዘዣ ጥቂት ፈስሶ፣ ያን በአንገት በኩል የሚዞረውን ነርቭ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ይህ በእንዲህ ዓይነቱ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ የታመመችው ጠባቧ የቀኝ ብሌን ናት፤ ግራዋ ጤነኛ ናት፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ልጁን የሚያሰጋው ነገር የለም።

ሌሎችም መልሶች አሉ። ልጁ ሲወድቅ ግራ ዓይኑን ራሱን ተመትቶ የብሌኑ ጡንቻ ተጐድቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ሆኖ ኢፕራትሮፒየም የተባለው መድኃኒት በጭንብል ሲሰጠው፣ ጭንብሉ ተዛንፎ ጉሙ ወደ አንድ ዓይን ገብቶ ሊሆን ይችላል። በአፍንጫ ቀዶ ጥገና ላይ ደም እንዲቆም በአድሬናሊን የተነከረ ጎዝ አፍንጫ ውስጥ ሲደረግም፣ መድኃኒቱ እንባ በሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ የዚያን ወገን ብሌን የሚያሰፋበት ጊዜ አለ። በእኛም አገር በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። አንድ ልጅ ተክሉን ሲነካካ ቈይቶ ዓይኑን ቢያሽ ያ ብሌን ይሰፋል፤ እንደ ሰፋም ሊውል ሊያድር ይችላል። በመጨረሻም ከ5 ሰዎች መካከል በ1ዱ ላይ ያህል ብሌኖች በተፈጥሮ ጥቂት ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም።

ታዲያ ባለሙያው ከእነዚህ ሁሉ የቱን ይምረጥ? አስቀድሞ መሣሪያዎቹን ይመለከታል፤ ኦክሲጅኑ፣ የደም ግፊቱ፣ ትንፋሹ በቦታቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1939 የኖረው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሐርቪ ኩሺንግ እንዳስተማረው፣ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲበረታ የደም ግፊት ይወጣል፤ የልብ ምት ግን ይዘገያል። እነዚህ ሁለቱ ከሰፊ ብሌን ጋር አብረው ከታዩ ነገሩ ከባድ ነው። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ወስዶ ሁለቱንም ዓይኖች በየተራ ያበራባቸዋል። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ብሌን ደካማና ዘገምተኛ ቢሆንም ለብርሃን ብዙውን ጊዜ ይመልሳል። ሰፊዋ ብሌን ብርሃን ሲያገኛት ከጠበበች፣ የሚያጠባት ነርቭ አልተጐዳም ማለት ነውና ጥርጣሬው ወደ ጠባቧ ይዞራል። ሰፊዋ ፈጽማ ካልተንቀሳቀሰች ግን፣ መድኃኒት ወይም ምት ያገኛት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ነገሩ የአንጎል አደጋ ነው ተብሎ መያዝ አለበት።

እንዲህ በሆነ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ይነገረዋል፤ ሥራው በቶሎ ይጠቃለላል፤ የልጁ ራስጌ ከፍ ይላል፤ አንገቱ ሳይጣመም ቀጥ ይላል፤ የአንጎልን እብጠት የሚቀንስ እንደ ማኒቶል ያለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ልጁም ወደ ሲቲ ስካን ይወሰዳል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪምም ይጠራል። ደሙ በጊዜ ከተገኘና ከወጣ ልጁ ድኖ ትምህርት ቤቱ ሊመለስ ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአገራችን ተረት ከዚህ የበለጠ የሚስማማበት ቦታ የለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ከባትሪውም ከሲቲ ስካኑም በፊት የሚመጣ፣ ዋጋውም ምንም የሆነ አንድ ነገር አለ። እርሱም ልጁ ከመተኛቱ በፊት የተጻፈ አንድ መስመር ነው። «ቀኝ ብሌን 4 ሚሊሜትር፣ ግራ ብሌን 4 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም ለብርሃን ይመልሳሉ» የሚል መስመር በሰነዱ ላይ ካለ፣ ባለሙያው አሁን የሚያየው ነገር አዲስ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። «ግራው በ1 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ እናቱ ከልደቱ ጀምሮ ነው ትላለች» የሚል ካለም በከንቱ አይደነግጥም። መስመሩ ከሌለ ግን ምልክቱ የትናንት ይሁን የዛሬ አይታወቅም። እናትየዋ ውጭ ተቀምጣ ከሆነ ሰው ልኮ «እናቴ፣ የልጅዎ ዓይኖች ድሮም እንዲህ ይለያያሉ ወይ? ፎቶግራፍ ይዘዋል ወይ?» ብሎ ማስጠየቅ ይቻላል፤ የቈየ ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ ጭንቀት አቃልሏል። ነገር ግን በጥድፊያ መካከል ይህን ከመፈለግ አስቀድሞ መመልከትና መጻፍ ይሻላል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንዳለ መዘንጋት አይገባም። አንደኛው ንቀት ነው፤ «መርፌው ያመጣው ይሆናል» ብሎ ዓይኑን መልሶ መሸፈን። ሁለተኛው ድንጋጤ ነው፤ ሳይመረምሩ ሥራውን አቋርጦ የተኛውን ልጅ ሲቲ ስካን ወዳለበት ሩቅ ከተማ ማስጫን። ንቀት ልጁን ሊገድለው ይችላል። ድንጋጤም በበኩሉ የተኛ ሕፃንን በመንገድ ላይ ለማይገባ አደጋ ያጋልጠዋል። ከሁለቱም የሚያድነው የመጀመሪያው መዝገብና በሥርዓት መመርመር ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ደኅንነት መጠይቅም የተመሠረተው በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቅደድ በፊት፣ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ በቃል መጠየቅን ያዛል። በመጠይቁ ላይ ስለ ብሌን የሚናገር መስመር የለበትም፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም በማስታወስ ላይ ሳይሆን በመጠየቅና በመጻፍ ላይ መታመን ነው። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት አብዛኛዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙዎቹም ወጣቶች ናቸው፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በአቅራቢያቸው በሌለበት ሆስፒታል የሚሠሩ አሉ። ጌደል በጦር ሜዳ ላሠለጠናቸው ሰዎች አንድ ሠንጠረዥ እንደ ጠቀማቸው ሁሉ፣ ለእነዚህም አንድ የእጅ ባትሪና አንድ መስመር ጽሑፍ ታላቅ ረዳት ነው።

ይህን የጻፍነው የሕክምና ተማሪዎችን ብቻ አስበን አይደለም። በትምህርት ቤት ያለ ተማሪም፣ ሥራ የጀመረ ሹምም በየቀኑ ምልክት ያያል። የአንድ ወረዳ ሒሳብ ጐድሎ ይገኛል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ፈተና ውጤት ወርዶ ይታያል፤ ከሁለት ሠራተኞች አንዱ ሰነፍ መስሎ ይታያል። ወዲያው ዓይን የሚያርፈው ጎልቶ በሚታየው ላይ ነው፤ ፍርድም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ግን ጥፋቱ በእርሱ ይሁን ወይም ከጎኑ ባለው፣ ነገሩ ዛሬ የመጣ ይሁን ወይም ከጥንት የነበረ፣ ያለ መነሻ መዝገብ ማን ሊለየው ይችላል? አዲስ ሥራ የተረከበ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ እንዴት እንደ ነበር አይቶ መዝግቦ ቢይዝ፣ በኋላ ሲመጣ የሚያስደነግጠው ነገር ግማሹ ይቀንስለታል፤ በእውነት የሚያስደነግጠውንም ቀድሞ ያውቀዋል።

የሕክምና ተማሪ ለሆናችሁት አንባቢዎቻችን ግን ምክራችን የበለጠ ግልጽ ነው። ነገ ሕፃን ስታስተኙ፣ መድኃኒቱን ከመስጠታችሁ በፊት ባትሪያችሁን አውጡ፤ ሁለቱንም ዓይኖች ተመልከቱ፤ ያያችሁትን በቁጥር ጻፉ፤ እናቱንም ጠይቁ። ሥራው ሲረዝም ፕላስተሩን በጥንቃቄ አንሥታችሁ እንደገና ተመልከቱ። ይህ ሁሉ የሚወስደው ከ1 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። እናትየዋ ልጅዋን አሳልፋ ስትሰጣችሁ አደራ የምትለው ስለዚህች ደቂቃ ጭምር ነው።